ጭጋግ ውስጥ የተጋገረው ድፎ

ቅዳሜ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት፣ ሁርሊንግሃም፣ ናይሮቢ

ታላቅ እህቴ ጽጌ ከአዲስ አበባ መጥታ እኔ ዘንድ ከሰነበተች ሦስተኛ ሳምንቷ ነበር። እኔ ኢምባካሲ አውሮፕላን ማረፊያ ጭነት ክፍል ስለምሠራ ቀኑን ሙሉ አፓርታማ ውስጥ ብቻዋን ትውላለች። "ናይሮቢን ያየሁት በመስኮት ነው" ስትለኝ አፈርኩ። ድንኳን ተውሼ አበርዴር ደን ጫፍ ላይ አንድ ሌሊት ልናድር ተነሣን። ከያዝነው ዕቃ ሁሉ የኮራሁት በአዲሷ ተጣጣፊ ኦቭን ነው። ስትዘረጋ ጂኮ በሚሉት የከሰል ምድጃ ላይ የምትቀመጥ የቆርቆሮ ሳጥን ናት፤ ስትታጠፍ ቦርሳ ውስጥ ትገባለች።

"በዚች ደግሞ ድፎ ይጋገራል?" አለች ጽጌ እያገላበጠቻት። አሥራ ስምንት ዓመት ዳቦ ቤት የሠራች ሴት ናት።

"ታያለሽ እትዬ" አልኳት።

ሊሙሩ ላይ መንገድ ዳር ቆመን አንድ ፌስታል ከሰል በሁለት መቶ ሺሊንግ ገዛን። ከሻይ እርሻው በኋላ አስፋልቱ አለቀ። ቀይ ጭቃ፣ ባሕር ዛፍ፣ ከዚያ ጥቅጥቅ ያለ ደን። ጽጌ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ አየሩን ስትስብ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ሲፈታ አየሁ።

ስድስት ሰዓት፣ ካምፑ

ከእኛ በቀር ሰው አልነበረም። የካምፑ ጠባቂ ምዜ ንጆሮጌ ይባላሉ፤ ረጅም ካፖርት የደረቡ፣ የጎማ ቦት ጫማ ያጠለቁ ሽማግሌ ናቸው። ድንኳኑን አብረውን ከተከሉ በኋላ ወደ ደኑ እያዩ በስዋሂሊ አንድ ነገር ተናገሩ።

"ምን አሉ?" አለች ጽጌ።

"እዚህ አገር የሚያስፈራው ሲጨልም ሳይሆን ሲነጣ ነው። ጭጋግ ከወረደ ከድንኳናችሁ አትራቁ፤ ዝሆኑ አጠገባችሁ ቢቆም እንኳ አይታያችሁም፣ ነው የሚሉት።"

ጽጌ ሊጡን አቡክታ፣ ኩፍ እስኪል ጠብቃ፣ በሙዝ ቅጠል ጠቅልላ ኦቭኗ ውስጥ አስገባች፤ ከሰሉን ከሥር አደላደልኩ።

ዘጠኝ ሰዓት

ጭጋጉ የወረደው ድፎው ገና ግማሽ ሳይበስል ነው። መጀመሪያ ዛፎቹ ጠፉ፣ ቀጥሎ መኪናዬ ጠፋች። ወፎቹ ባንድ ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ ዝናቡ መጣ።

"ጂኮውን ወደ ውስጥ እናስገባው" አልኩ።

"ከሰል? ድንኳን ውስጥ?"

"ሸራ እኮ ነው እትዬ፤ አየር ያስገባል።"

ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ ሊጡ ደግሞ ሊበላሽ ነው። እምቢ አላለችም። ዝናቡ እንዳይገባ ብዬ ዚፑን እስከ ታች ዘጋሁት።

ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም። ሙቀቱ ደስ ይላል፤ የድፎው ሽታ ድንኳኑን ሞላው። ራሴን ትንሽ ያመኛል። ጽጌ ጋቢዋን ተከናንባ ኦቭኗን ትኩር ብላ ታያለች።

"ለሦስታችን ይበቃል" አለች።

"ሦስት እነማን?"

"እኔ፣ አንቺ፣ እሱ" ብላ በአገጯ ወደ ድንኳኑ ጥግ አመለከተችኝ።

ዞር ብዬ አየሁ። ጉልበቱን ያቀፈ ሰው ተቀምጧል። ፊቱ አይታየኝም። ዛሬ ሳስበው የሚሰቀጥጠኝ እሱን እዚያ ማየቴ አይደለም፤ አለመደንገጤ ነው። "ምስኪን፣ በርዶት ይሆናል" ብዬ ብቻ አሰብኩ።

ከዚያ ከጭጋጉ ውስጥ አንድ ድምፅ መጣ። "ሆዲ!" ይላል። የሰው በር ላይ ቆመው "ቤቶች" እንደሚሉት ነው። ከጉድጓድ ውስጥ የሚወጣ ይመስል ነበር።

"አትመልሺለት" አለች ጽጌ ዓይኗን ጨፍና። "ጠርቶ ጠርቶ ይሄዳል።"

"ሆዲ!"

አፌን ከፈትኩ፤ ቃል አልወጣም። ወደ ዚፑ እጄን ዘረጋሁ፤ እጄ የሌላ ሰው እጅ ሆኖብኝ መሬት ላይ ወደቀ። ሦስተኛውን ጥሪ አልሰማሁም።

ቀጥሎ የማስታውሰው ጭቃ ውስጥ ተንበርክኬ ሳስመልስ ነው። ምዜ ንጆሮጌ ጂኮውን በቦት ጫማቸው እየገፉ አወጡት፤ ተመልሰው ጽጌን በብብቷ ይዘው ጎተቷት። ከንፈሯ ምንም ቀለም አልነበረውም።

"እትዬ! እትዬ ጽጌ!" ዝናቡ ፊቷ ላይ ይወርዳል፤ አትንቀሳቀስም። ያኔ ነው ፍርሃት የገባኝ። ለእናቴ ስልክ ደውዬ የምናገረውን ዓረፍተ ነገር በልቤ ጀምሬው ነበር።

አቃሰተች። ዓይኗን ገልጣ ሽማግሌውን አየቻቸው፣ እኔን አየችኝ።

"ዳቦው አረረ" አለች።

ምዜ ንጆሮጌ ከጎጆአቸው ሆነው ጂኮው ውጭ እንደሌለ በጭጋጉ ስንጥቅ ድንገት አይተው ነው የመጡት፤ ሆዲ እያሉ ይጣሩ የነበሩትም እሳቸው ናቸው። ባለ ፒካፕ ጎረቤታቸውን ጠርተው ሊሙሩ ወደሚገኝ ክሊኒክ አደረሱን። ሐኪሟ ኦክስጅን ሰጥታን እስኪነጋ አልለቀቀችንም። የከሰል መርዝ ሽታ እንደሌለው፣ የሌለ ነገር እንደሚያሳይም ነገረችን።

እሑድ ከሰዓት፣ ቤት

ጽጌ ሶፋው ላይ ጋደም ብላለች፤ መስኮቶቹን ሁሉ ከፍቻለሁ። ከመንገድ የማታቱ ታክሲዎች ጥሩንባ ይሰማል።

"ያስገባሁት እኔ ነኝ" አልኳት። "አንቺማ ከሰል ድንኳን ውስጥ ወይ ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር።"

"እኔስ? ከሰል ምን እንደሚያደርግ እያወቅሁ ዝም ያልኩት ለአንድ ድፎ ብዬ አይደል?" እጇን ዘርግታ እጄን ያዘች። እስካሁን አልለቀቀችኝም፤ ይህን የምጽፈው በአንድ እጄ ነው።

ሞት ሲመጣ የሚያስፈራ ይመስለኝ ነበር። ግን እኛው ያነደድነው ከሰል ሙቀት ነበረው፤ የትኩስ ዳቦ ሽታም ሸፍኖት ነበር። የሚያስፈራው ድምፅ ደግሞ ሊያድነን የመጣው ሰው ድምፅ ነበር።