የሚነክስ ውኃ

በ1974 ዓ.ም. መስከረም ላይ የሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ። ነገሩን ያስታወሰኝ ትናንት ወሎ ሰፈር ያየሁት መኪና አጣቢ ነው። የማጠቢያው ሞተር ሶኬት ባለ ሦስት እግር፣ ማከፋፈያው ባለ ሁለት ቀዳዳ። ሰውየው ጭቃ ላይ ቆሞ ሦስተኛውን እግር በፒንሳ ቀነጠሰው። "ተው አንተ!" ስለው፣ "አባባ፣ እሱ እኮ ዝም ብሎ ነው፤ ምንም አይሠራም" አለኝ። እኔም ያን ጊዜ ያልኩት ይህንኑ ነበር።

እዚያው ወሎ ሰፈር አንድ ጋራዥ ውስጥ ኤሌክትሪክ እሠራ ነበር። ፊደሉን እንኳ ቆጥሬ አልጨረስኩም፤ ሽቦ ላይ ግን የሚያህለኝ ያለ አይመስለኝም ነበር። የጋራዡ ባለቤት ጋሽ በቀለ ከአንድ የዝዋይ ሰው የብረት ጀልባ ሥራ ተቀበሉ። ሐይቅ አይተን የማናውቅ ሰዎች ጀልባ ሠራን። ታፈስስ እንደሆነ ለመሞከር በጭነት መኪና ወሰድናትና ከገርጂ ወዲያ ክረምቱ ውኃ የሞላው የድንጋይ ማውጫ ካባ ላይ አንሳፈፍናት። ዛሬ ቦታው ሕንፃ ብቻ ነው፤ ካባው የት እንደነበር እኔም አላገኘውም። ያን ጊዜ መንገዱ ጉልበት የሚውጥ ጭቃ፣ ግራ ቀኙ የበቆሎ ማሳ ነበር። ምሳችንም የተጠበሰ እሸት።

ጀልባዋ አፈሰሰች። ሰይድ የሚባል የወሎ ልጅ፣ የጋራዡ በያጅ፣ ስፌቷን ይደፍናል፤ እኔ ውስጧ የሚገባውን ውኃ የሚያወጣውን ፓምፕ አሠራለሁ። መብራቱን ካባው ዳር ከሚኖሩት ከእትዬ ደስታ ቤት በረጅም ገመድ ሳብኩ። ጋሽ በቀለ ከመሄዳቸው በፊት ከገመዱ ሦስት ሽቦዎች አረንጓዴዋን ይዘው፣

"ስማ፣ ይቺን ከጀልባዋ ብረት አስረህ መሬት ከተቀበረ ዘንግ ጋር አገናኛት። ሥራ ፈት ትመስላለች፤ የምትሠራው በክፉ ቀን ነው፤ ያመለጠውን ኤሌክትሪክ መሬት ታስገባዋለች። ደግሞ ሰው ውኃውን ከመንካቱ በፊት ሶኬቱ ይነቀል" አሉኝ።

"እሺ ጋሼ።"

ድንጋያማ መሬት ላይ ዘንግ ሲቀጠቅጡ መዋል ለማን ይጥመዋል? የእትዬ ደስታ ሶኬት ባለ ሁለት ቀዳዳ ነው፤ ሁለቱን ሽቦ ሰካሁ፣ አረንጓዴዋን ቆርጬ ጣልኳት። ፓምፑ ተንደቀደቀ። ሠራ አይደል? ለኔ የሠራ ነገር ሁሉ ደህና ነበር።

በመጀመሪያው ቀን ሰይድ ለአስር ሶላት ሊታጠብ ጀልባዋ አጠገብ ጎንበስ አለና እጁን መንጭቆ አወጣ።

"ይሄ ውኃ ይነክሳል እንዴ!"

"ዓሣ ነዋ።"

"ካባ ውስጥ ዓሣ?"

"ጀልባዋን ሊቀበል ከዝዋይ መጥቶ ነው።"

ሳቀ። እጁን ግን ለረጅም ጊዜ ሱሪው ላይ ሲያሸው አየሁ።

በማግስቱ የእትዬ ደስታ ውሻ ሊጠጣ ወረደ። ምላሱን እንዳስነካ ጮኾ ፈረጠጠ። ከዚያ ወዲያ በፀሐዩ እያለከለከ እንኳ ዳገቱ ላይ ቆሞ ያየናል እንጂ አይወርድም።

"ልጆች፣ እንስሳ የሸሸውን ውኃ እኔ አላምነውም" አሉ እትዬ ደስታ።

"እትዬ፣ ውሻዎ ፈሪ ነው" አልኳቸው። ዘንጉ ግን ሣር ውስጥ ተጋድሞ ይታየኛል። ሄጄ ሶኬቱን ብነቅል ሰይድ ልክ ነበር ማለት ሊሆን ነው። አልነቀልኩም።

በሦስተኛው ቀን ነፋስ የሰይድን ቆብ ውኃው ላይ ጣለበት። ሱሪውን ሰብስቦ ገባ። ወገቡ ድረስ እንደ ደረሰ የጀልባዋን ጠርዝ ያዘና ዝም አለ። አፉ ተከፍቷል፣ ድምፅ የለውም። እጁ ብረቱን አይለቅም። ፓምፑ እንደ ወትሮው ይንደቀደቃል። ዘልዬ ልገባ ስል፣

"አትግባ! አንተ ደንቆሮ፣ አትግባ!"

እትዬ ደስታ ናቸው። ነጠላቸውን ጥለው ወደ ቤታቸው ሮጡ። ፓምፑ ቀጥ አለ። ያኔ የሰይድ እጅ ለቀቀና ሰመጠ።

ጎትቼ አወጣሁት። ውኃ ተፋ፣ አረፋ ተፋ፣ ቆይቶ ተነፈሰ። ጣቶቹ ተቆልምመው ቀርተው ነበር፤ አንድ በአንድ አሸሁለት። ዓይኑን ገልጦ አየኝና፣ "ዓሣህ አደገ" አለኝ። አልሳቅኩም። የፓምፑ ሽቦ ከጀልባዋ ጠርዝ ጋር ሲፋተግ ሰንብቶ ልባሱ ተልጧል፤ መዳቡ ብረቱ ላይ ተኝቷል።

ትናንት ይህን ሁሉ ለመኪና አጣቢው ነገርኩት። "እሺ አባባ" አለኝ። እኔም ለጋሽ በቀለ እሺ ብዬ ነበር። ይቅርታ የምትል ቃል ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ ከአፌ ወጥታ አታውቅም፤ ለሰይድም አልወጣችም። ያደረግሁት ነገር ቢኖር ይሄ ነው።

ሰይድ በሰመጠ ማግስት ገና ሲነጋጋ ብቻዬን ወደ ካባው ወርጄ ዘንጉን እስኪቀበር ቀጠቀጥኩ፤ መዳፌ ውኃ ቋጠረ። የፓምፑን ሽቦ ቀየርኩ፣ አረንጓዴዋን ወደ ቦታዋ መለስኩ፣ ሶኬቱን ሰክቼ ፓምፑን ሞከርኩ። ሰይድ መጣና እንደ ውሻው ዳገቱ ላይ ቆመ። እትዬ ደስታ ቤት ሄጄ ሶኬቱን ነቀልኩ፣ ገመዱን እየጎተትኩ ተመለስኩ፣ ጫፉን ከማተቤ ጋር አንገቴ ላይ አሰርኩት። ከዚያ ቀድሜው እስከ ደረቴ ውኃው ውስጥ ገባሁ። የጀልባዋን ብረት በሁለት እጄ ያዝኩና፣

"ና ታጠብ" አልኩት።