ኑግ የጠጣችው መኪና

ማርሽ አልገባ ሲል ሰው ሁሉ ጉልበት ይጨምራል። ይሄ ነገር ዛሬም ያናድደኛል። እኔ ጎንደር፣ ጣሊያኖች ትተውት በሄዱት ጋራዥ ሙያ ስማር የያዝኩት አንድ ነገር ቢኖር፣ ማርሽ እንቢ ሲል እጅን ሰብስቦ ምክንያቱን መፈለግ ነው። መኪና ሕመሟን አትደብቅም። የሚደብቅ ሰው ነው፤ ይህንንም የተማርኩት በመኪና ሰበብ ነው።

በንጉሡ ዘመን እኔ በምኖርባት በጋይንቷ ንፋስ መውጫ መኪና ብርቅ ነበር። መንገዱ በበጋ ብቻ የሚያስኬድ ጥርጊያ ነው። በዚያ መንገድ አንድ የስማዳ ባላባት ልጅ ከአዲስ አበባ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ምንም ያልቀረው፣ ቀይ የስፖርት መኪና እየነዳ መጣ። ለአባቱ ተዝካር ነበር የመጣው። ከእኛ ከተማ ወዲያ የመኪና መንገድ ስላልነበር እኔ ግቢ አቁሟት በበቅሎ ሊቀጥል ሆነ። ከመሄዱ በፊት የካምቢዮውን፣ ማርሾቹ ያሉበትን ሳጥን፣ ዘይት እንዳይለት ጠየቀኝ። መክፈቻው ባለ አራት ማዕዘን ኖሮ የሚገጥመው ቁልፍ አጣሁ። አሮጌ ማረሻ ቆርጬ፣ ግማሽ ቀን ሞርጄ፣ የራሴን ቁልፍ ሠራሁና ከፈትኩት። ዘይቱ ሙሉ ነው፤ ወፍራም፣ ንጹሕ። ሰውየው ቁልፉን እያገላበጠ ሳቀና፣ «መኪናዬን በደኅና ካስረከብኸኝ አዲስ አበባ ወስጄ መካኒኬ አደርግሃለሁ» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልቤ ጋይንትን ለቆ ሄደ።

ይህን ሁሉ አጠገቤ ቆሞ የሚሰማ አንድ ሰው ነበር፤ ሚዜዬ። በእኛ አገር የመጀመሪያው ሚዜ ለሙሽራዪቱ ወንድም ይሆናል። በሠርጋችን ዕለት ሚስቴን «ከእንግዲህ እህቴ ነሽ» ብሎ ቃል ገብቶላታል፤ ቤቴም ሳያንኳኳ ነበር የሚገባው። ገበያው ዳር ያለውን የሞተር ወፍጮ የሚያስፈጨው እሱ ነው። ስለ ሞተር የሚያውቀውን ሁሉ ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

ባለመኪናው ባላባት ስማዳ እያለ አክስቴ አረፈችና ለለቅሶ መካነ ኢየሱስ ከተማ ሄድኩ። ስመለስ ያ ጥርሱን ሲያፋጭ የከረመ የሚዜዬ ወፍጮ ድምፁ ለስልሶ ጠበቀኝ። «ጎሽ፣ ሙያ ገባህ ማለት ነው» አልኩት። እሱም ፈገግ አለ። አይ የኔ ነገር!

ባላባቱ ከተዝካሩ ተመለሰ። መኪናዋን አስነሳና አንደኛ ሊያስገባ ቢል እንቢ አለችው። ገፋ፤ ተንቋቋች። ሁለተኛን በግድ አስገባና ደግሞ አልወጣ አለው። ዞር ብሎ፣ «ምን አደረግህብኝ?» አለኝ። አንድ ቀን ስጡኝ ብዬ ለመንኩ።

ሞተሩን አጥፍቼ ማርሹን ሞከርኩ። ሞተር ጠፍቶ በቀላሉ ቢገባ ኖሮ ጥፋቱ ሞተሩን ከማርሹ የሚለየው የፍሪሲዮን ነበር። ጠፍቶም እንደዚያው ነው። ከሥሯ ገብቼ የማርሹን ዘንግ ከካምቢዮው ለየሁት፤ ዘንጉ ለብቻው ወዲያ ወዲህ ይላል። እንግዲያ በሽታው ውስጥ ነው። ከገብሱ ጎታ ሥር፣ በጨርቅ ጠቅልዬ ካኖርኩበት፣ ያቺን ቁልፍ አምጥቼ ከፈትኩ። መጀመሪያ ምንም አልወረደም። ቆይቶ ቢጫ፣ ዝልግልግ ያለ፣ አተላ የቀላቀለ ነገር ተንጠባጠበ። አሸተትኩት። ኑግ! ለወጥ የሚጨመር የኑግ ዘይት!

ሚስቴን ቁልፉን ማን ነካው አልኳት። «ለቅሶ እንደሄድህ ሚዜህ ‹እሱ ልኮኝ ነው› ብሎ ወሰደው፤ በማግሥቱም መልሶታል። ወንድሜ አይደለም እንዴ?» አለችኝ። የወፍጮው ድምፅ በመኪናዋ ዘይት እንደለሰለሰ ያኔ ገባኝ።

ካምቢዮውን በነጭ ጋዝ ደጋግሜ አጠብኩት። እህል ሊጭን የመጣ ሹፌር ለምኜ ትክክለኛውን ዘይት ሞላሁ። ማርሹ በሁለት ጣት የሚገባ ሆነ። እዚህ ላይ አፌን ብዘጋ ምን ነበረበት! ለባላባቱ እውነቱን ነገርኩት፤ ሰው ዘይቱን በኑግ ለውጦታል አልኩ። ማን እንደሆነ ግን አልተናገርኩም። እሱ ቀጥ ብሎ ወረዳ ገዥው ዘንድ ሄደ፣ ገዥውም አውጫጭኝ ጠራ።

የዛሬ ልጆች አውጫጭኝን አያውቁትም። ጥፋተኛው ያልታወቀ እንደሆነ የአገሩ ወንድ ሁሉ አንድ ሜዳ ላይ ይቀመጣል፤ እስኪገኝ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። እያንዳንዱ ወንጌል ይዞ ይምላል፣ የሚያውቀውንም ለተመረጡ ሽማግሌዎች በጆሯቸው ይነግራል። ሽማግሌዎቹ የነገራቸውን ሰው ሳይጠሩ የተነገራቸውን ያወጣሉ። የውቂያ ወራት ነበር፤ እህሉ አውድማ ላይ ተበትኖ ሰው ለካምቢዮ ዘይት ሜዳ ላይ ሲውል፣ ቁጣውን አስቡት።

ሚዜዬ አጠገቤ ተቀምጧል። ከንፈሩ ደርቋል። ተራዬ ሲደርስ አየኝ፤ አንጀቴን በላው። ወንጌሉ ላይ እጄን ጭኜ፣ ያየሁትም የሰማሁትም የለም ብዬ ማልኩ። ለእሱ ስል በሐሰት! ስመለስ ጉልበቴን ጨበጥ አደረገኝ። ወዲያው የእሱ ተራ ሆነ። ከሽማግሌዎቹ ዘንድ ብዙ ቆየ። ሲመለስ አጠገቤ አልተቀመጠም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሽማግሌዎቹ ቆሙና የእኔን ስም ጠሩ። «የከፈተበት ቁልፍ በቤቱ፣ ከገብስ ጎታው ሥር፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ አለ» አሉ። ያንን ቦታ የምናውቅ ሦስት ነን፤ እኔ፣ ሚስቴና እሱ። ሴት ደግሞ አውጫጭኝ አትቀመጥም።

ሄደው ፈተሹ፤ አገኙት። ሜዳው ሙሉ ሰው ሰደበኝ። ስለ እሱ ብናገር ማን ይሰማኛል? አላውቅም ብዬ የማልኩ እኔው ነኝ። ወረዳው ግቢ ሦስት ቀን ታሰርኩ። ባላባቱ ክሱን ተወልኝ፤ ቃሉንም ተወ። ለሐሰት መሐላዬ የነፍስ አባቴ የሰጡኝን ስግደት ፈጽሜያለሁ። ሚዜዬን ግን ይቅር አላልኩትም፤ አልዋሽም።

ከእስር ስወጣ ቀይዋ መኪና ደጄ ላይ ሞተሯ ተነሥቶ ቆማለች። ሚዜዬ እኔ ልቀመጥበት በነበረው ወንበር ተቀምጧል፤ በእኔ ፈንታ የባላባቱ መካኒክ ሆኖ አዲስ አበባ ሊሄድ። ዐይኔን ሳያይ፣ «እህቴን አደራ» አለኝ።

መኪናዋ ተነሣች። አንደኛ ገባ፣ ሁለተኛ ገባ። ዳገቱ ላይ ባላባቱ ሦስተኛን ሲያስገባ ጆሮዬን አቁሜ አዳመጥኩ፤ ቅንጣት ድምፅ የለም። በደንብ አድርጌ ነበር የሠራኋት።