ከመርከብ ያልወረደው ስም

«ባሕር ተሻግሮ የመጣው ግንበኛ፣
ለሰው ቤት ሠርቶ ሲያድር መንገደኛ፣
እናቱ በደጇ… እም… እምም…»

ከዚህ በላይ አታውቀውም። ሦስተኛው መስመር ላይ ስትደርስ እልፍነሽ ዮሴፍ ቃሉን ትጥልና ዜማውን ብቻ ይዛ ትቀጥላለች። የአሠሪዋን የሲኞራዋን ሸሚዝ ስትተኩስ፣ ደረጃ ስታጥብ፣ አውቶቡስ ስትጠብቅ ይኸው ነው እንጉርጉሮዋ። አያቷ ሲያገቡ የሠፈር ሴቶች ለቀልድ የገጠሙላቸው ዘፈን ነበር። ሴቶቹም አለፉ፣ አያቷም አለፉ፤ ለእሷ የተረፋት ሁለት መስመርና አንድ ጎዶሎ ነው።

አያቷ ባቲስታ የሚባሉ፣ ሮም ያደጉ ጣልያን ነበሩ። በምኒልክ ዘመን መዶሻና ቱንቢ ይዘው በምጽዋ ገቡ፤ ከዚያ በበቅሎ አዲስ አበባ ደረሱ። ድንጋይ ሲጠርቡ ኖሩ፣ የጉለሌ ልጅ ወደዱ፣ እሷን ለማግባት ሲሉ በእኛ ሥርዓት እንደገና ክርስትና ተነሡ፣ እዚያው ወልደው እዚያው ተቀበሩ። የሳቸው ልጅ ዮሴፍ ነው፤ የዮሴፍ ልጅ እልፍነሽ። ድሀ ግንበኛ በባሕርና በበረሃ ያቋረጠውን መንገድ የልጅ ልጁ በአውሮፕላን ተመልሳበት፣ ሮም ላይ የሰው ቤት ትጠርግ ነበር።

ዘመኑ 1971 ነው። ብቸኛ ልጇ ፀሐዬ ሱዳን ውስጥ ነበር። የቀበሌ ጠባቂዎች ጓደኞቹን ከየቤታቸው ሲለቅሙ በመተማ በኩል ወጥቶ ገዳሪፍ ገብቷል። አባቱ ገና ሕፃን ሳለ ሞቷል፤ እናቱ ብቻ ነች ያለችው። እልፍነሽ በልመና የደረሰችበት አንድ አቮካቶ፣ የጣልያን ጠበቃ፣ ወረቀቶቿን አገላብጦ እንዲህ አላት፦

«አባትሽ ከጣልያን እንደተወለዱ የሚያሳየው የቤተ ክርስቲያን ወረቀት በቂ ነው። የጎደለው የሽማግሌው ነው። አያትሽ የት እንደተወለዱ የሚያስረዳ ነገር አምጪልኝ። እሱ ከተገኘ አንቺ ጣልያን ነሽ፤ ልጅሽንም ትጠሪዋለሽ።»

ከዚያ ወዲህ ሐሙስ ከሰዓት፣ የሮም የቤት ሠራተኛ ሁሉ የምታርፍበት ሰዓት፣ ለእልፍነሽ የፍለጋ ሰዓት ሆነ። አስተርጓሚዋ አብረኸት ነበረች፤ የአስመራ ልጅ፣ ካስትሮ ፕሬቶሪዮ ሠፈር ባለ አንድ የሐበሻ ባር ውስጥ የምትሠራ፣ አማርኛውንም ጣልያንኛውንም እንደ ውኃ የምታፈሰው። ሁለቱ ሲገናኙ መነካከስ ልማዳቸው ነው።

«አንቺ ግን የምትገርሚ ሴት ነሽ» ትላታለች አብረኸት። «እኛ አስመራ ላይ ጣልያን እንዲሄድልን ስንት ዘመን ጸለይን፤ አንቺ ደግሞ ደብር ለደብር እየዞርሽ ትፈልጊዋለሽ።»

«ያንቺ ጣልያን ሌላ፣ የኔ ሌላ። የኔው ቱንቢ ይዞ ነው የመጣው።»

«ሁሉም የሆነ ነገር ይዞ ነው የመጣው፣ የኔ እመቤት! ነይ አሁን፣ አውቶቡሱ አመለጠን።»

በየመስኮቱ የሚጠብቃቸው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ኮኞሜ?» የቤተሰብሽ ስም ማን ነው ማለት ነው። እልፍነሽም ሳታመነታ «አንቶንዮ» ትላለች። እኛ ዘንድ ሰው በስሙ ይጠራል፣ ከኋላው የአባቱ ስም ይከተላል፤ ሌላ ምን አለ? ባቲስታ፣ አባታቸው አንቶንዮ። ጸሐፊውም «አንቶንዮ» የሚባል ቤተሰብ ፈልጎ፣ አጥቶ፣ መዝገቡን ይከድናል። አብረኸትም ብትሆን የባር ሰው እንጂ የቢሮ ሰው አልነበረችም፤ ስህተቱ አልታያትም። ትክክለኛው የቤተሰብ ስም ግን ከሰማንያ ዓመት በፊት ጠፍቷል። አዲስ አበባ ላይ ማን ይጠይቃቸዋል? ለፈረንጅ ሁሉ እንደሚባለው «ሙሴ ባቲስታ» ከተባሉ በቂ ነው። ስማቸው ምጽዋ ወደብ ላይ ከመርከብ ሳይወርድ የቀረ ያህል ነበር። ሰውየው ወረዱ፣ መዶሻው ወረደ፣ ስሙ በዚያው ከመርከቡ ጋር ተመለሰ።

የብርዱ ወራት እንዲህ ገፋ። የካቲት ውስጥ፣ አንድ ቀትር ላይ፣ የባሩ ስልክ ጮኸ። ከካርቱም ነው። አብረኸት አነሣችው። የፀሐዬ ጓደኛ ነኝ አለ ድምፁ። ገዳሪፍ ላይ ወባ ያዘው፣ ሐኪም ዘንድ ሳንደርስ መንገድ ላይ አረፈ፣ እዚያው ቀበርነው፣ ለእናቱ ንገሩልን አለ። መስመሩ ተቋረጠ። አብረኸት የሞተውን ስልክ ጆሮዋ ላይ እንደያዘች፣ የቡናው ማሽን ከኋላዋ እየተነፈሰ፣ «አሎ? አሎ?» ስትል ቆየች።

ባሩ ጥግ ሁልጊዜ ጋዜጣ ዘርግተው የሚቀመጡ አንድ ሽማግሌ አሉ፤ አቶ ተክለጻድቅ። የሮም ሐበሻ ሠርጉንም ለቅሶውንም ሳያማክራቸው አያደርግም። አብረኸት አጠገባቸው ሄዳ በሹክሹክታ ነገረቻቸው። መነጽራቸውን አወለቁ።

«የሥጋ ዘመድ የላትም እዚህ አገር?»

«ያክስቷ ልጅ ገብረሃና አለ። መርከበኛ ነው። ጄኖቫ የሚመለሰው ከፋሲካ በኋላ ነው።»

«እንግዲያ እሱ ይጠበቃል። መርዶ ዘመድ በሌለበት አይነገርም። ስትወድቅ ማን ይይዛታል? ሲኞራዋ?»

«እስከዚያስ ምን እላታለሁ? እርስዎ ይንገሩኝ እንጂ። ሐሙስ ደብር ልንሄድ ተቀጣጥረናል!»

«ሂጂያ» አሉ ሽማግሌው ዓይናቸውን ጋዜጣው ላይ ጥለው። «ካልሄድሽ ትጠረጥራለች።»

ሄደች። የሞተ ልጅ ሊመጣበት የሚችል ወረቀት ፍለጋ፣ ከእናቱ ጋር ክንድ ለክንድ ተያይዛ፣ በየደብሩ ደጅ ቆመች። ቀልዷ ግን ቀነሰ። እልፍነሽ ታዝባት «ምነው፣ ፍቅር ያዘሽ እንዴ?» ብላ ስቃባታለች። አንድ እሑድ ደግሞ ከፖርታ ፖርቴዜ ገበያ ካፖርት ገዝታ መጣች፤ ጥቁር፣ ወፍራም፣ ክርኑ ላይ ብቻ ትንሽ የሳሳ።

«ፀሐዬ ቁመቱ እንዳንቺ ነው። እስቲ ልኪልኝ።»

«ተይ እቴ፣ የወንድ ልብስ…»

«ኧረ ልኪው! የሮም ብርድ እኮ አያውቀውም፤ የመጣ ቀን ነው የምደርብለት።»

አብረኸት ለበሰችው። እልፍነሽ ዙሪያዋን እየዞረች ትከሻውን አስተካከለች፣ ቁልፉን ቆለፈች፣ ኮሌታውን አቃናች፣ ከዚያም ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብላ፣ ካፖርቱን እንጂ አብረኸትን ሳታይ፣ ፈገግ አለች። ካፖርቱ ውስጥ ያለችው ሴት እንደ ግንድ ቀጥ ብላ ቆማ ነበር።

በሚቀጥለው ሐሙስ የሄዱበት ደብር ከተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ብዙም አይርቅም። ቄሱ ጆሯቸው የከበደ ደግ ሽማግሌ ናቸው።

«ኮኞሜ?»

«አንቶንዮ» አለች እልፍነሽ እንደ ልማዷ።

«አንቶንዮ የሰው ስም ነው፣ ልጄ። እኔ የምጠይቅሽ የቤተሰቡን ነው።»

እልፍነሽ ደነገጠች። ያን ሁሉ ወር በየመስኮቱ ስትናገረው የኖረችው አንድ ጊዜ ፊቷ ላይ ፈረሰ። «እሱን አላውቅም፣ አባ» አለች። «የማውቀው እንዲህ ነው» ብላ ዓይኗን ጨፈነችና፣ አባቷ ሰባት ቤት ቁጠሪ እያሉ በልጅነቷ ያስጠኗትን አንድ በአንድ ደረደረች፦ «እልፍነሽ፣ ዮሴፍ፣ ባቲስታ፣ አንቶንዮ፣ ሉዊጂ፣ ሳንቴ።» ከሳንቴ በላይ አያቷም አያውቁም ነበርና እዚያ ላይ አቆመች።

ቄሱ እጃቸውን አነሡ። «አስፔታ፣ አስፔታ፣ ቆዪ እስቲ። የቤተሰቡን ስም አታውቂም፣ አባት ለአባት ግን እስከ ሳንቴ ታውቂያለሽ?»

ገብተው አቧራ የጠጣ ትልቅ መዝገብ ታቅፈው ወጡ። በድሮ ጊዜ ቄሶቹ በየዓመቱ ለፋሲካ ከቤት ቤት እየዞሩ፣ በዚህ ቤት ማን አለ፣ ከየት መጣ እያሉ የጻፉት ነው። የተደረደረው በመንገድና በቤት ስለሆነ የቤተሰብ ስም ባይታወቅም ገጹን እየገለጡ መፈለግ ይቻላል። ሮም ዋና ከተማ ሆና ግንበኛው ሁሉ ከየተራራው የጎረፈበትን ዘመን እየገለጡ ወረዱ። አብረኸት ታነባለች፣ እልፍነሽ ትሰማለች። መስኮቱ ላይ ያለው ብርሃን ሊሄድ ሲል ቄሱ ጣታቸውን አንድ ቤት ላይ አቆሙ፦

«አንቶንዮ ቤርናሬሊ፣ የሟቹ ሉዊጂ ልጅ፣ ግንበኛ፣ ከአብሩዞ የመጣ። ሽማግሌው አያቱ ሳንቴ አብረውት ይኖራሉ። ልጁ ባቲስታ።» ከዳር ደግሞ በሌላ እጅ ጽሕፈት፦ «ወደ አፍሪካ ሄደ።»

እልፍነሽ መዝገቡን አልነካችውም። ጣቷን ከገጹ ከፍ አድርጋ፣ በአየር ላይ፣ ከአንቶንዮ እስከ ባቲስታ ቀስ አድርጋ አሳለፈችው። «ቤርናሬሊ» አለች። «ለካ እንዲህ ነበርን!»

ቄሱ ማስረጃውን ሊጽፉ ብዕር አነሡና «ለማን ነው የሚያገለግለው?» ሲሉ ጠየቁ። አብረኸት መተርጎም ነበረባት፤ አልተረጎመችም። እልፍነሽ ግን ይህን ያህል ጣልያንኛ አላት።

«ፔር ሚዮ ፊሊዮ» አለች፤ ለልጄ።

«ዕድሜው ስንት ነው?»

«ዲቻኖቬ» አለች በኩራት፤ አሥራ ዘጠኝ።

«እግዚአብሔር ይባርከው» አሉ ቄሱ። አብረኸት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ደጅ ሲወጡ የአብረኸት ጉንጭ እርጥብ ነበር። «ምን ያስለቅስሻል?»

«ደስ ብሎኝ።»

«አንቺ ሞኝ!» አለችና እልፍነሽ መንገድ ላይ አቅፋ ሳመቻት።

ባሩ ሲደርሱ እልፍነሽ ወረቀቱን እንደ ታቦት በሁለት እጇ ይዛ ገባች። «አሎራ፣ በይ እንግዲህ ካርቱም ጓደኞቹ ጋ ደውይልኝ! አሁኑኑ ይንገሩት።»

«መስመር የለም።»

«እንዴት የለም? ትናንት ደንበኛችሁ የማነ ከዚሁ ደውሎ አይደል?»

«የለም አልኩሽ!» አለች አብረኸት፤ ድምፅዋ ከልክ በላይ ወጣ። ጨዋታ የያዙት ሁሉ ጫማቸውን አዩ። አቶ ተክለጻድቅ ጋዜጣቸውን አጥፈው ተነሡ።

«ነገ ይደወላል፣ ልጄ። ዛሬ ሂጂና እረፊ።»

እልፍነሽ ስትወጣ በሩን እያዩ ቆዩ። ከዚያ «ገብረሃናን አንጠብቅም» አሉ። «ዘመዷ እኔ እሆናለሁ። ነገ ጎሕ ሲቀድ።»

በማግሥቱ የሲኞራዋ በር ሲንኳኳ እልፍነሽ ሽርጧን እያሰረች ከፈተች። ደረጃው ላይ ሰው ሞልቷል። ወንዶቹ ካፖርት ለብሰዋል፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀዋል፤ የሚናገር የለም። የእኛ አገር ሰው፣ ጎሕ ሲቀድ ደጁ ላይ እንዲህ ቆመው ያገኛቸውን ሰዎች ምን አመጣችሁ ብሎ አይጠይቅም። ማን እንደሆነም አልጠየቀች፤ ያላት አንድ ነው።

«መቼ?»

«በየካቲት» አሉ አቶ ተክለጻድቅ። «በወባ። አልተሠቃየም ብለውናል።»

ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ደብሮቹን፣ ሐሙሶቹን፣ ገበያውን ወደ ኋላ እየቆጠረች እንደነበር ሁሉም አወቀ። ዓይኗ ከሰው ሁሉ መካከል አብረኸትን ፈልጎ አገኘ።

«ካፖርቱን ስትለኪ ታውቂ ነበር?»

አብረኸት አንገቷን ደፋች።

ከዚያ የወጣው ጩኸት ደረጃውን ሁሉ ሞላው። ጎረቤት በሩን ከፈተ፣ ሲኞራዋ በሌሊት ልብሷ ወጥታ «ማዶና ሚያ!» እያለች አማተበች። አቶ ተክለጻድቅ በግዙፍ ሰውነታቸው ደግፈው ይዘዋት እሳቸውም አብረው ተቀመጡ፣ ቀዝቃዛው እብነ በረድ ላይ።

ለቅሶው ቶር ፒኛታራ ሠፈር፣ አብረኸት በተከራየችው አንድ ክፍል ውስጥ ሆነ። ሌላ ቦታ አልነበረም። ፍራሽ መሬት ተዘረጋ፣ ሰው ከየሥራው እየወጣ መጣ። እልፍነሽ ደረቷን እየደቃች፣ ማንም ሳያቀብላት፣ በራሷ ድምፅ አወጣችው፦

«ለሙት አገር ስሻ ስዞር በየደጅ፣
አገር የለሽ ቀረ የወለድኩት ልጅ።»

ሴቶቹ ተቀበሏት፤ የአስመራዋም የጎንደሯም አብረው አነቡ። እህል ግን አልቀመሰችም። ያመጡላትን ሁሉ መለሰች። ከአብረኸት እጅማ ውኃም አልተቀበለች፤ ሌላ ሰው ብርጭቆውን ከአብረኸት ተቀብሎ ሲሰጣት እንኳ ፊቷን ታዞራለች። «በእኛ ደንብ እንዲህ ነው፣ እልፌ፣ ምን ላድርግ?» ብላ አብረኸት ብትለምናት ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች።

ሰው ሳስቶ፣ ጥቂት ብቻ ሲቀር፣ አቶ ተክለጻድቅ አቮካቶው ዘንድ ደርሰው መጡ።

«ወረቀቱን አይቶታል። ሙሉ ነው ይላል። ቀሪው የጊዜ ጉዳይ ነው፤ ጣልያን ነሽ።»

«ለማን?» አለች።

ሽማግሌው ማስረጃውን መስኮቱ ላይ አኖሩት፣ ባርኔጣቸውን አድርገው ወጡ። የቀሩትም ተከትለዋቸው ወጡ። ከውጭ የትራሙ ደወል ይሰማል። አብረኸት ምድጃው አጠገብ ቆማ የበሰለውን ሽሮ ታማስላለች፤ ማንኪያውን ግን አንድ ጊዜም ወደ አፏ አታደርሰውም። እልፍነሽ ከፍራሹ ላይ ሆና ብዙ ጊዜ አየቻት።

«አንቺስ በላሽ?»

«አንቺ ሳትቀምሺ?»

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያልበላሽው?»

አብረኸት ልብሷ ወገቧ ላይ ሰፍቶባታል።

«እኔ እኮ ደስተኛ ነበርኩ» አለች እልፍነሽ፤ ድምፅዋ በለቅሶ ሻክሯል። «ያን ሁሉ ሐሙስ። ሰጠሽኝ ልበል፣ ወሰድሽብኝ ልበል፣ አላውቅም።»

«እኔም አላውቅም።»

ሽሮው ይንተከተካል።

«ሲኞራዋ ሰኞ ትጠብቀኛለች» አለች እልፍነሽ፣ ለማንም እንዳልሆነ አድርጋ። ግድግዳውን ይዛ ተነሣች። እስከ ጠረጴዛው ያለችውን አጭር መንገድ ቀስ ብላ ሄደችው። «አቅርቢውና ነይ። አንቺም ነይ።»

አብረኸት ድስቱንና ዳቦውን አምጥታ አስቀመጠች። እልፍነሽ ወንበሩን ሳበች፣ ተቀመጠች፣ ቆረሰች።