ለነጯ መኪና የተገዛ ተጨማሪ ዋስትና

ጋምቤላ ክልል ከተባለች ብዙም ሳይቆይ፣ በየቢሮው በር ላይ የተሰቀለው ታፔላ ቀለሙ ገና ሳይደርቅ፣ ለመሥሪያ ቤታችን አንዲት ነጭ የመስክ መኪና ልትገዛ ነው ተባለ። እኔ ያኔ ከአቦቦ አለፍ ብላ ባለች መንደር የአንዲት ትንሽ ክሊኒክ ነርስ ነበርኩ። ደገኛ ነኝ፤ ተመድቤ ነው የመጣሁት። እዚያ አገር ላይ ምጥ የጠናባትን ሴት በቃሬዛና በጭነት መኪና ጣሪያ ላይ መላክ የሰለቸኝ ሰው ስለነበርኩ፣ የመኪናዋን ወሬ ስሰማ እልል አልኩ። ለእርጉዞቼም ሁሉ “አይዟችሁ፣ ከእንግዲህ መኪና አለን” እያልኩ ነገርኳቸው።

ከዚያ ስብሰባ ተጠራን። በዚያ ዘመን ያለ ስብሰባ የሚሆን ነገር አልነበረም፤ መርፌ ለመግዛትም፣ ሰው ለመቅጣትም እጅ ይወጣል። በከሰል መኪና ላይ ተጭኜ፣ ጥቁር አቧራ ለብሼ ጋምቤላ ገባሁ። አጀንዳው አንድ ነበር። ሻጩ ድርጅት ከመኪናዋ ጋር የአንድ ዓመት ዋስትና ይሰጣል፤ ተጨማሪ ከተከፈለው ግን ሦስት ዓመት ያደርገዋል። እንግዛ ወይስ አንግዛ?

“ሞተሯ ቢነክስ፣ ካምቢዮዋ ቢሰበር፣ ሰባራ ሳንቲም አናወጣም” አለ ኃላፊያችን። ንግግር የሚወድ ሰው ነበር፤ ቁጭ ብሎ የሚባለውን ሁሉ ቆሞ ነው የሚለው። “የሕዝብ ንብረት ዋስ ያስፈልገዋል።”

“ግዴታውስ?” አልኩ።

የፋይናንሱ ሰውዬ መነጽሩን ከፍ አድርጎ አነበበልን። መኪናዋ በየተወሰነ ኪሎ ሜትሩ ሰርቪስ መግባት አለባት። ሰርቪሱ የሚደረገው በራሱ በድርጅቱ ጋራዥ ብቻ ነው። ጋራዡ ያለው አዲስ አበባ ነው። አንድ ጊዜ ካለፈ፣ ወይም ሌላ መካኒክ ሞተሩን ከነካው፣ ዋስትናው ይሰረዛል።

አዲስ አበባ! በጎሬ በበደሌ አድርጎ፣ በዚያን ጊዜ መንገድ፣ መንገዱ ራሱ ቀናት ይበላል፤ የጋራዡ ወረፋ ሲጨመርበት መኪናዋ ከሳምንት በላይ የለችም ማለት ነው። ደርሶ መልሱም ኪሎ ሜትር ነው። ለሰርቪስ ስትመላለስ ሌላ ሰርቪስ ይደርስባታል። ይህን ለማወቅ ሂሳብ መማር አያስፈልግም፤ እዚያ የተቀመጠው ሁሉ ያውቀዋል።

ተነሳሁና “የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም” አልኳቸው። “እኛ አቦቦ ጭቃ ውስጥ ስንቀር አዲስ አበባ የተቀመጠ ዋስ ምን ያደርግልናል? በዚሁ ብር ጎማና መለዋወጫ ገዝተን እዚህ እናስቀምጥ። የከተማው መካኒክ ይሠራታል።”

ሳቁ። ተረቱን ወደዱት። “ሲስተር፣ አነጋገርሽ ያምራል” አለኝ ኃላፊው፣ “ግን እኛ በዘመናዊ አሠራር ነው መሄድ የምንፈልገው።”

ዘመናዊ አሠራር! የነገሩን ውስጥ ማንም አልተናገረውም፤ እኔ ልናገረው። ነገሩ አበል ነው። ኢታንግ ደርሶ ለሚመለስ ሰው አበሉ የሻይ ነው። አዲስ አበባ ለሚሄድ ግን መንገዱ፣ ማደሪያው፣ የጋራዡ ወረፋ ሳይቀር በቀን እየተቆጠረ ይከፈላል። ሲሄዱ ማንጎና የደረቀ ዓሣ ይጫናል፤ ሲመለሱ ጤፍ፣ ፍራሽና የፕላስቲክ ወንበር። ሰርቪሱ በደረሰ ቁጥር ከሹፌሩ ጋር ንብረት ተረካቢ ይሄዳል፣ ተቆጣጣሪ ይሄዳል፣ አንዳንዴም ኃላፊው ራሱ “ከበላይ አካል ጋር ለመነጋገር” ይሄዳል። የሰው ዓይን ያበራው ለሞተሯ ታስቦ አልነበረም።

“የሚደግፍ?” ሲባል ከሁሉ ቀድሞ እጁን ያወጣው ሹፌሩ ነው። ድምፅ መስጠት ይፈቀድለት እንደሆነ እንኳ እስከ ዛሬ እርግጠኛ አይደለሁም። “የሚቃወም?” ሲባል እኔ ብቻዬን አወጣሁ። ከዚያ አጨበጨቡ። ተናድጄ ስለነበር የተዘጋጀውን ለስላሳ ሳልጠጣ ወጣሁ።

መኪናዋ መጣች። አልዋሽም፣ ሁለት ጊዜ የእኔን በሽተኞች ሆስፒታል አድርሳለች፤ ሁለቱንም ቀን ሹፌሩን መርቄዋለሁ። ከዚያ በኋላ ግን በራዲዮ መገናኛ በጠራሁ ቁጥር የምሰማው አንድ ነገር ሆነ፤ ሰርቪስ ልትሄድ ነው፣ ሰርቪስ ሄዳለች፣ ከሰርቪስ አልተመለሰችም።

አንዲት አኝዋክ ጎረቤት ነበረችኝ፤ ባሏ ወንዙ ዳር በቆሎ የሚያበቅል ወጣት ገበሬ ነው። የመጀመሪያ ልጇ ነበር። ክትትሏን አንድም ቀን አጓድላ አታውቅም። ምጧ ጠዋት ጀመረ፣ ልጁም ደህና ወጣ፤ አለቀሰ፣ ሳቅን። ደሙ ግን አልቆም አለ። ያለኝን መርፌ ሰጠሁ፣ ግሉኮስ ሰቀልኩ፣ ሆዷን እያሸሁ ወደ ራዲዮው ሰው ላክሁ። መልሱ ያው ነበር።

ሌላ ሰው ሆዷን እንዲይዝ አድርጌ ራሴ ሮጥኩ። “ባለፈው ነው እኮ የሄደችው!” ብዬ ጮህኩ።

“ሲስተር፣ ካለፈ ዋስትናው ይሰረዛል” አለኝ የራዲዮው ሠራተኛ። እሱ ምን ያድርግ።

ከመንደራችን አጠገብ ያሉት ሰፋሪዎች ትራክተር ሰጡን። ተጎታቹ ላይ ሣር ጎዝጉዘን አስተኛናት። ትራክተር ለበሽተኛ የተሠራ ነገር አይደለም፤ በየጉድጓዱ ስትነሳና ስትወድቅ እጄን ይዛ “ቀስ በሉ በይው” ትለኛለች። ቀስ ስንል ጊዜው ይሄዳል፣ ስንፈጥን ደሙ ይፈሳል። ከተማ ሳንገባ እጇ ለቀቀኝ። ከሆስፒታሉ ሐኪም ጋር ያወራሁት ስለሞተችበት ሰዓት ብቻ ነበር። ያን ቀን እነዚያን በስብሰባው እጅ ያወጡትን የጠላኋቸውን ያህል ሰው ጠልቼ አላውቅም፤ አሁንም አልወጣልኝም።

ለቅሶው ሳያልቅ መኪናዋ ወደ መንደራችን መጣች፣ ለሱፐርቪዥን። ታጥባለች፣ ታብረቀርቃለች። ኃላፊው ከፊት ወርዶ “ሲስተር፣ እንዴት ነው ሥራ?” አለኝ። ይህን ጊዜ የሟቿ ባል መጣ። ልጁን እህቱ ታቅፋ ከኋላው ቆማለች። መኪናዋን አንድ ጊዜ ዞራትና ወደ እኔ ተመለሰ።

“ሲስተር፣ ያን ቀን መኪናው ታሞ ነበር?”

“አይ፣ ደህና ነበረች” አልኩት።

“ደህና ነው። ታዲያ ለምን ሐኪም ቤት ወሰዱት?”

ኃላፊው “ተይው፣ እኔ ላስረዳው” ብሎ መሀል ገባ። አስረዳው ደግሞ። ስለ ሻጩ ድርጅት፣ ስለ ኪሎ ሜትሩ፣ ስለ ሦስት ዓመቱ፣ ሞተሩ በድንገት ቢቆም ስለሚደርሰው ኪሳራ፤ ቀስ እያለ፣ አማርኛውን እያቀለለ፣ በእጁም እያሳየ። ሰውየው ዓይኑን ከፊቱ ሳያነሳ እስከ መጨረሻው አዳመጠው።

“እሺ” አለ ሲጨርስ። “መኪናው እንዳይሞት ነው።”

“አዎ!” አለ ኃላፊያችን ደስ ብሎት፣ ትከሻውን መታ መታ እያደረገ። “አየህ፣ ገባህ።”