ግማሹ ከበር የወጣ አግዳሚ

እኔና ባለቤቴ አብረን የሠራነው የመጨረሻ ተራ ሥራ አግዳሚ ወንበር ወደ ቤት ማስገባት ነበር። እሱ አንዱን ጫፍ ያዘ፣ እኔ ሌላውን። አግዳሚው የጥድ ነው፤ ሱቁን በከፈትን ሰሞን ለአናጺ ነግረን ያሠራነው፣ ከሚመስለው በላይ የሚከብድ። ዕድሜውን ሁሉ ውጭ፣ ከብሳናው ዛፍ ሥር ስለኖረ በበሩ ይግባ አይግባ አስበንበት አናውቅም። ግማሹ እንደገባ እግሩ መቃኑ ላይ ተቀረቀረ። እሱ ከውስጥ ይስባል፣ እኔ ከውጭ እገፋለሁ።

«ወደ ግራ አዙሪው» አለኝ።

«የማን ግራ?»

«የአግዳሚው።»

ሳቅ ያዘኝና ለቀቅሁት። እሱም ለቀቀና ከውስጥ በኩል ተቀመጠበት። እኔም ከውጭ በኩል ተቀመጥሁ። የበሩ ደፍ መካከላችን ሆነ።

«በቃ እንዲሁ ይቅር» አለ፤ «ግማሹ ለመንግሥት፣ ግማሹ ለእኛ።»

እንደዚያ ሆነን ትንሽ ተነፈስን። ከዚያ በጎኑ አጋድመን አስገባነው። ማታ ምን እንደበላን፣ ምን እንዳወራን አላስታውስም። ወሩ ሳያልቅ ሞተ። ልቡ ነው አሉኝ።

ሱቃችን ከፒያሳ ወደ ታች በሚወርደው ዋና መንገድ ላይ ነው። እሱ ልብስ ሰፊ ነበር፤ እኔ ጡረታ እስክወጣ ድረስ በአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት እሠራ ነበር። ደንበኞቹ አብዛኞቹ ከደጋ የሚወርዱ ናቸው፤ ከአምባ ጊዮርጊስ፣ ከዳባት፣ አንዳንዴም ከመካነ ብርሃን ድረስ። ለሐኪም ይመጣሉ፣ ለፍርድ ቤት ይመጣሉ፣ በዚያው ኮት ያስጠብባሉ፣ የተቀደደ ሱሪ ያስጥፋሉ። ሱሪውን አውልቆ ጋቢውን አገልድሞ አግዳሚው ላይ የሚጠብቅ ሰው ከሱቃችን በር ጠፍቶ አያውቅም። የማያሰፋውም ይቀመጥ ነበር። ከሆስፒታል የወጣች አራስ፣ አውቶቡስ ያመለጠው፣ ቀጠሮ የተለወጠበት፣ ሁሉም ያን አግዳሚ ያውቀዋል። መንገድ በተዘጋ ሰሞን ደግሞ ወደ አገሩ መመለስ ያልቻለ ሰው ቀኑን ሙሉ እዚያው ይውል ነበር። ባለቤቴ የስፌት ማኪናውን እየረገጠ በመስኮቱ ያወራቸዋል። የዝናቡን ነገር፣ የገብሱን ነገር፣ የማን ልጅ የማንን ልጅ እንዳገባች ከዚያ ሆኖ ይሰማል። ተወልዶ ያደገው ከነሱው ዘንድ ስለሆነ ከተማ መኖሩን የሚረሳው በዚያ መስኮት ነበር።

ዋናውን መንገድ ሣርና ዛፍ ያለበት «አረንጓዴ መንገድ» ሊያደርጉት ነው የሚል ወሬ ሲመጣ ከሰፈሩ ሰው ሁሉ ቀድሞ የደገፈው እሱ ነው። መንገዱ በክረምት ጭቃ፣ በበጋ አቧራ ነበር፤ ይህን አልክድም። የተሰበሰብነው በአንድ አዳራሽ ውስጥ ነው። ግድግዳው ላይ ትልቅ ሥዕል ሰቀሉ። በሥዕሉ ላይ መንገዳችን ሌላ አገር መስሏል፤ ሣር አለ፣ ዛፍ አለ፣ ከዛፉ ሥር ደግሞ ሰዎች ተቀምጠዋል። አንዲት እናት ልጅ ታቅፋ፣ አንድ ሽማግሌ ከዘራውን አስደግፎ። ነጋዴዎቹ ስለ ካሳና ስለሚፈርሰው በረንዳቸው ሲከራከሩ ባለቤቴ እጁን አነሣና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ።

«መቀመጫ አለው ወይ?»

«እንዴታ፣ አባባ» አለ የሚያስረዳው ሰው፤ «ይኸው፣ በየዛፉ ሥር።»

አጨበጨበ። ከጎኑ የተቀመጠው ባለሻይ ቤት «አንተ ደግሞ ለወንበር ብለህ በረንዳህን ትሸጣለህ?» ብሎ ጎሸመው። እሱ ግን እውነቱን ነበር። ቀጠሮው ሳይደርስ በረንዳችንን በገዛ እጁ አፈረሰ። ከበር ውጭ ምንም ዕቃ እንዳይቀመጥ ሲታዘዝ ሌላው ሲያጉረመርም እሱ አግዳሚውን አንሺ አለኝ። «ከዚህ የተሻለ ሊያደርጉልን ነው» አለ። ብሳናውን በመጋዝ ሲቆርጡት እንኳ፣ ሥሩ ንጣፉን ያነሣዋል ብለውት ስለነበር፣ ቆሞ አየና ወደ ማኪናው ተመለሰ። 

ይህን የምጽፈው ቀስ እያልሁ ነው። ስናደድ ብዕሩን አስቀምጣለሁ፣ ሲበርድልኝ እመለሳለሁ። አሁን የምጽፈው ክፍል ብዙ ቀን ፈጅቶብኛል።

ሲሞት እድራችን ድንኳን ይዞ መጣ። በሰፈራችን ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተከለው በየቤቱ ፊት፣ ከመንገዱ ዳር ነው፤ ጓሯችን ጠባብ ነው፣ የሁሉም እንደዚያው ነው። ሣሩ ግን በዚያ ሳምንት ተነጥፎ ነበር። አንድ ወጣት ደንብ አስከባሪ ፊሽካ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ መጣ።

«ካስማ በሣሩ ላይ አይመታም» አለ።

የእድሩ ዳኛ ለመነው። ልጁ በስልክ ከአለቆቹ ጋር ተነጋገረ። የለም ተባለ። ድንኳኑ ተጠቅልሎ በጀርባ በኩል፣ ቱቦ በሚያልፍበት ቅያስ ውስጥ ተተከለ። ባለቤቴ ዕድሜውን ያሳለፈው በዋናው መንገድ ላይ ነው፤ የተለቀሰለት በጀርባ ነው። 

በማግስቱ ከአምባ ጊዮርጊስ ለቀስተኛ መጣ። ከነሱ ጋር የባለቤቴ የአጎት ልጅ ነበሩ፤ በዕድሜ የገፉ፣ ጉልበታቸው የማይታዘዝላቸው ሰው ናቸው። ወደ ከተማ በወረዱ ቁጥር መጀመሪያ የሚያርፉት አግዳሚያችን ላይ ነበር። የዚያን ዕለትም ቀጥ ብለው ወደ ሱቁ መጡ። ድንኳን የለም፣ አግዳሚ የለም፣ ብሳናው የለም፤ ሱቁ ተዘግቷል። ቤቱ የጠፋባቸው መስሏቸው ነበር፣ በኋላ እንደነገሩኝ። እኔ ሊቀበላቸው የሄደውን ሰው ተከትዬ ከቅያሱ ስወጣ ከአበባው መደብ ጠርዝ ላይ አረፍ ብለዋል። ፊሽካው ተነፋ።

«አያ፣ ይነሡ። አበባው ይረገጣል።»

«ምነው ልጄ? ሰው ሙቶብን ነው።»

«ገባኝ፣ አያ። ግን ክልክል ነው።»

ሽማግሌው ከዘራቸውን ተመርኩዘው ተነሡ። መነሣቱ ጊዜ ወሰደባቸው። ከዚያ ሣሩን ትኩር ብለው አዩና «እኔ ልቀመጥ ነው እንጂ ልግጥ አልመጣሁም» አሉት። ከኋላቸው የነበሩት ለቀስተኞች ሳቁ። ልጁም ሳቁ ሊያመልጠው ሲል ዞር አለ። እኔ አልሳቅሁም። እንደ ወንድማቸው የሚወዱትን ሰው ለመቅበር ያልደረሱ፣ ለቅሶውን እንኳ ለመድረስ ሌሊት ተነሥተው የተሳፈሩ ሰው፣ በሟቹ በር ላይ ቆመው ቀሩ። ባለቤቴ ያጨበጨበው ለዚህ ነበር።

መንገዱ አልቆ ሲመረቅ በሬን ዘግቼ በመስኮት አየሁ። ለእንግዶች የፕላስቲክ ወንበር በመኪና ተጭኖ መጣ። ንግግር ተደረገ፣ ተጨበጨበ። ንግግሩ ሲያልቅ ወንበሩ አንድ ሳይቀር ተቆጥሮ መኪናው ላይ ተጫነና ሄደ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በዚያ መንገድ ላይ የተቀመጠ ሰው የለም። ሸጋ መንገድ ነው፤ ማታ መብራቱ ሲበራ ዓይን ይስባል። ሙሽሮች ይመጣሉ፣ ቆመው ፎቶ ይነሣሉ፣ ይሄዳሉ። በብሳናው ቦታ ዘንባባ ተተክሏል፤ ጥላው ለአንድ ዶሮ አይበቃም። የደጋ ሰው ግን ታጥቦ የሚሄድ ነገር አይደለም፤ ዛሬም ለሐኪም ይመጣል፣ ዛሬም አውቶቡስ ያመልጠዋል። አሁን ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል፤ ፊሽካ ሲሰማ ደግሞ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ይቆማል።

አርባው እንዳለፈ ሥራውን ወደሚከታተለው ቢሮ ሄድሁ። የተቀበለኝ ወጣት ጨዋ ነው፤ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ። ያ ሥዕል ከጀርባው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። እናትየዋም ሽማግሌውም አሁንም ተቀምጠዋል።

«እነዚህ ሰዎች የተቀመጡበት የት አለ?» አልሁት፤ በጣቴ እያሳየሁ።

ዞሮ አየ። «እማማ፣ ሥዕሉ ማሳያ ነው» አለኝ።

«ባለቤቴ ለማሳያ ነው ያጨበጨበው? በረንዳውን ለማሳያ ነው ያፈረሰው?»

«መቀመጫው በሁለተኛው ምዕራፍ ነው የተያዘው።»

«መቼ ነው እሱ?»

«በጀት ሲለቀቅ።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ሊረዳኝ የፈለገ ይመስለኛል። «እውነቱን ልንገርዎት፣ እማማ። መቀመጫ ከተደረገ እኮ ሰው ይቀመጥበታል። አንዴ ከተቀመጠ አይነሣም። ቆሎ ሻጩ ይመጣል፣ ሊስትሮው ይመጣል፣ የሚተኛ ይመጣል። የከተማው ገጽታ ይበላሻል።»

  ሰው እንዳይቀመጥበት ተብሎ መቀመጫ የተከለከለ መንገድ አይቼ አላውቅም። ተነሣሁና ወጣሁ። ቁልቁለቱን ስወርድ እግሬ ዛለ፤ አረፍ የምልበት ፈልጌ አጣሁ። ባለቤቴ በዚያ አዳራሽ ውስጥ ሌላ ነገር አልጠየቀም። ካሳ አልጠየቀም፣ በረንዳ አልጠየቀም። ለጠየቀው አንድ ነገር አዎ አሉት፤ አዎ ያሉትም ሞኝ ስለመሰላቸው ነው። ሞኝ አልነበረም። ሰው አዎ ካለው የሚያምን ሰው ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ሱቁን ከፈትሁና አግዳሚውን ለማውጣት ተነሣሁ። ብቻዬን። አንዱን ጫፍ አንሥቼ ስጎትት ሌላው ጫፍ ሲሚንቶውን እየፋቀ ይከተላል፤ ጩኸቱ ለጎረቤት ይሰማል። ግማሹ እንደወጣ እግሩ መቃኑ ላይ፣ ያን ጊዜ በተቀረቀረበት ቦታ ላይ፣ ተቀረቀረ። ወደ ግራ የሚያዞር ሰው አልነበረም። ገፋሁ፣ ሳብሁ፣ አልሆነም። በመጨረሻ በውስጠኛው በኩል ተቀመጥሁበትና አለቀስሁ። ከቀብሩ ወዲህ እንደዚያ አላለቀስሁም።

ቀና ስል ያው ደንብ አስከባሪ ከበሩ ቆሟል።

«እትዬ፣ ከበር ውጭ ዕቃ ክልክል ነው።»

«እያስገባሁት ነው» አልሁት። ያሰብሁበት አልነበረም፤ ከአፌ ወጣ። «ብቻዬን ነኝ። ከብዶኝ ነው የቆምሁት።»

አግዳሚውን አየ፣ እኔን አየ። እንዲህ ቆሞ ሳለ አንዲት ከወገራ የመጣች ሴት፣ እጇ በጄሶ የታሰረ፣ ከሱቁ ፊት ደረሰችና ሳትጠይቅ በውጭው በኩል ቁጭ አለች። «እፎይ» አለች። ልጁ ፊሽካውን በጣቱ ነካ፣ ነካና ለቀቀው። «እንግዲህ ሲበረቱ ያስገቡት» ብሎ ሄደ።

ሲመሽ እንደ ምንም መልሼ አስገባሁትና በነጋው ደግሞ አወጣሁት፤ እስከ ግማሹ ድረስ ብቻ። ከዚያም በነጋው። አሁን የት ላይ እንደሚቀረቀር ስለማውቅ እዚያ ሲደርስ አቆመዋለሁ፤ ከውጭው እግር ሥር ከደፉ ጋር እኩል የሚያደርገው ድንጋይ አስገብቻለሁ። ባለሻይ ቤቱ መጀመሪያ ቀን «እትዬ፣ ይህን ያህል ጊዜ የሚገባ ዕቃ አይቼ አላውቅም» ብሎ ተሳለቀብኝ፤ ሳምንት ሳይሞላ ግን ደንበኞቹ ብርጭቋቸውን ይዘው እዚያው መጥተው ይጠጣሉ። ሰው ሲበዛ ይጠጋጋል፤ ሦስት ይይዛል፤ ቀጭን ከሆኑ አራት።

አንድ ቀን የልጁ አለቃ ለቁጥጥር መጣ። ሽማግሌና ታማሚ ተደርድረው አየና ልጁን ጠራው።

«ይህ ምንድን ነው?»

እኔ አፌን ከመክፈቴ በፊት ልጁ መለሰ። «እያስገቡት ነው፣ ጌታዬ። ብቻቸውን ናቸው።»

አለቃው ወደ ውስጥ አንገቱን አስግጎ አየ። እኔ ከውስጥ በኩል ተቀምጬ የሟቹን መርፌና ክር በጭኔ ይዣለሁ። ጥቁር ልብሴን አየ። «በፍጥነት ያስገቡት» ብሎ አለፈ። ለልጁ ምስጋና ይድረሰው፤ ለሽማግሌው የነፋውን ፊሽካ ግን አልረሳሁለትም። እሱም የሚያውቀው ይመስለኛል። አልፎ አልፎ ሲመጣ ከመቃኑ ራቅ ብሎ ይቆማል።

«እትዬ፣ ዛሬም አልገባም?»

«አልገባም።»

«ላግዝዎት?»

«ተወው፣ ሰው ተቀምጦበታል።»

የአጎቱ ልጅ ባለፈው ሰሞን ለጉልበታቸው ሐኪም መጥተው ነበር። በውጭው በኩል ተቀምጠው ከዘራቸውን ዘንባባው ላይ አስደገፉ። እኔ ከውስጥ ሆኜ የኮታቸውን ቁልፍ ተከልሁ። የገብሱን ነገር አወሩኝ፤ ዘንድሮ ውርጭ አልመታውም።

ጠዋት ጠዋት አግዳሚውን እስከ ግማሹ አወጣለሁ። እነሱ ከውጭ ይቀመጣሉ፣ እኔ ከውስጥ እቀመጣለሁ። ሲመሽ መልሼ አስገባዋለሁ።