የእትዬ አልጣሽ ሁለት ጠብታ

እትዬ አልጣሽን ዴንቨር አጠገብ አውሮራ ውስጥ የምናውቃቸው ሁሉ በሁለት ነገር እናውቃቸዋለን፤ በእጃቸው ብልሃትና በፍርሃታቸው። የቆመ ብሌንደር፣ የተጣላ ዚፕ፣ የሚንቋቋ በር እሳቸው ከነኩት ይስተካከላል። በሌላ በኩል ሊፍት አይገቡም፣ ሃይዌይ አይነዱም፣ በረዶ የጣለ ቀን ከቤታቸው እስከ አውቶቡስ ፌርማታ ድረስ እያማተቡ ነው የሚሄዱት። እኔ በዚህ ስቄባቸው አላውቅም። ፈሪ ለእናቱ ይባላል፤ እኔም ከሳቸው ብዙ አልሻል።

አዲስ አበባ ሳሉ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ የስፌት መኪና ጠጋኝ ነበሩ። እዚህ ዳውንታውን ዴንቨር ሆቴል ውስጥ አንሶላ ይተኩሳሉ። ባለቤታቸው ጋሽ ሀይለማርያም ከዚያው ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ የፓርኪንግ ጋራዥ ሠራተኛ ናቸው። ስኳር አለባቸው፤ ስኳሩ የጣቶቻቸውን ጫፍ ማደንዘዝ ከጀመረ ሦስት ዓመት ሆኖታል። እንዲያም ሆኖ ከበረዶ ሥር ዓሣ ማጥመድ ነፍሳቸው ነው። በገና ጾም ቅዳሜ ቅዳሜ እኔና እሳቸው ተራራው ላይ ወዳለው ጆርጅታውን ሐይቅ ወጥተን፣ በረዶውን ሰርስረን፣ በጉድጓዱ ክር እንጥላለን። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለካህናት ትተነዋል።

በዚያ ብርድ ከሰው በፊት የሚደክመው ዕቃው ነው። ክሩን የሚጠቀልለው ሪል ውስጥ ፋብሪካው የቀባው ግሪስ ይረጋል። እርጥበት ከገባበት ደግሞ ውስጡ በረዶ ይሠራና ይነክሳል፤ እጀታው አልዞርም ይላል። ሪል ከነከሰ ሰው ጓንቱን አውልቆ መታገል ይጀምራል። የስኳር ሐኪማቸው ጋሽ ሀይለማርያምን አጥብቃ የከለከለቻቸው ይህንኑ ነበር። "ጣትዎ ብርዱን አይነግርዎትም፤ ጓንት ካወለቁ ያጧቸዋል" ብላቸዋለች።

ስለዚህ እትዬ አልጣሽ አርብ አርብ ከሥራ ሲመለሱ የሁለታችንንም ሪል ይፈታሉ። ግሪሱን በጨርቅ ጠርገው፣ በፀጉር ማድረቂያ አድርቀው፣ ያቺን ቀጭን የስፌት መኪና ዘይት ሁለት ጠብታ ያደርጉበታል። ዘይቷ በብርድ አትረጋም። ሰባት ዓመት ሙሉ እሳቸው የሠሩት ሪል በረዶ ላይ ነክሶ አያውቅም።

ዘንድሮ አንድ ቅዳሜ ጋሽ ሀይለማርያም "ነይና በዓይንሽ እዪው፣ ፍርሃቱ ይለቅሻል" ብለው ይዘዋቸው ወጡ። በረዶው ስምንት ኢንች ነበር፤ ሰው በደንብ ይሸከማል። ነገር ግን የሐይቅ በረዶ ሲወፍር ይጮኻል፣ ከሥር ያጉረመርማል። እትዬ አልጣሽ መሀል ላይ ሆነው ያን ድምፅ ሰሙ። ባሉበት ቁጭ አሉ። ከዚያ ሁላችንም እያየን በአራት እግራቸው እየዳሁ ዳር ወጡ።

መኪና ውስጥ ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ "ስለሺ፣ ዕድሜዬን ሙሉ የስፌት መኪና ሳዳምጥ ነው የኖርኩት፤ እንዲህ የሚጮህ ነገር ሊሰበር ነው" አሉኝ። አስረዳኋቸው፤ አልገባቸውም። ሁለተኛ እንዳይወጡ ሳምንቱን ሙሉ ባላቸውን ለመኑ። "ከሥርህ ይከፈታል፤ ይውጥሃል" እያሉ አለቀሱ። ጋሽ ሀይለማርያም ሳቁ።

በሚቀጥለው አርብ እትዬ አልጣሽ ያደረጉትን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። የኔን ሪል እንደ ወትሮው በዘይት ሠሩት። በባላቸው ሪል ውስጥ ግን በዘይቱ ፈንታ ሁለት ጠብታ ውሃ አደረጉና ከደኑት። ሪሉ ይነክሳል፣ ይናደዳል፣ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ቤቱ ይገባል ብለው ነው። ጓንቱስ? ለሱ ስለሺ አጠገቡ አለ ብለው በኔ ተማመኑ።

ቅዳሜ ጠዋት ዜሮ ፋራናይት ነበር፤ በሴልሺየስ ከዜሮ በታች አሥራ ስምንት። ጋሽ ሀይለማርያም ክሩን እንደጣሉ ሪሉ ነከሰ። የኔን ሰጠኋቸው፤ አልፈለጉም።

"የአልጣሽ እጅ ያለፈበት ነገር ቆሞ ያውቃል? እንዲህ ሆኖ ካየችው ሳምንቱን ሙሉ ራሷን ስትበላ ነው የምትከርመው" አሉ። "እዚሁ ላስተካክለውና እሷ ሳትሰማ ይለፍ።"

"ጓንትዎን እንዳያወልቁ፣ ጋሼ።"

"እሺ እሺ፣ አንተ ደግሞ።"

እግሬ ደርቆብኝ ስለነበር ልሞቅ ወደ መኪናው ሄድኩ። ሂተር ከፍቼ፣ ሻይ ጠጥቼ፣ ሃያ ደቂቃ ያህል ቆየሁ። ሃያ ደቂቃ! እስከ ዛሬ ይህችን ሃያ ደቂቃ ስቆጥራት አድራለሁ።

ስመለስ ሁለቱም ጓንቶች በረዶው ላይ ወድቀዋል። ሪሉን በመዳፋቸው አፍነው በትንፋሻቸው ሲያሞቁት ነበር የቆዩት። "ተለቀቀ!" አሉኝ እየሳቁ። ጣቶቻቸውን አየሁ። ከጫፋቸው እስከ አንጓቸው እንደ ሻማ ነጭ ሆነዋል። ያዝኳቸው፤ ጠንካራ ናቸው፣ የሰው ሥጋ አይመስሉም።

"ይሰማዎታል?"

"ምኑ?"

ደግፌ መኪና ውስጥ አስገባኋቸው። ከዳገቱ እስከ አውሮራ ሆስፒታል እንዴት እንደነዳሁ አላስታውስም። እሳቸው አጠገቤ ተቀምጠው የሚጨነቁት ለሌላ ነገር ነበር። "ሪሉ ነከሰ እንዳትላት፣ ስለሺ። ጓንቴ ጉድጓድ ውስጥ ገባብኝ እንላታለን" አሉ።

እጃቸውን ለብ ባለ ውሃ ሲያቀልጡላቸው በግራው ጮኹ። በቀኙ ዝም አሉ፤ ያስፈራኝ ዝምታው ነው። የድንገተኛ ክፍሉ ሐኪም የቀኝ እጃቸው የሦስት ጣቶች ነገር የሚለየው ከሳምንታት በኋላ ነው ብሎን ወጣ።

እትዬ አልጣሽ የሆቴል ዩኒፎርማቸውን እንደለበሱ ደረሱ። የኮቴን ደረት ጨምድደው ያዙና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

"ነክሶ ነው?"

"ጓንታቸው... ጉድጓድ ውስጥ ገባ" አልኩ።

ለቀቁኝ። ክፍሉ ገብተው ፋሻውን አላዩም፤ በቀጥታ ወንበር ላይ ከተሰቀለው ጃኬት ኪስ ሪሉን አወጡና አዘነበሉት። ውሃ መዳፋቸው ላይ ጠብ አለ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። የፈሩት ይደርሳል የተባለው ልክ ነው፤ የሚያደርሰው ግን አንዳንዴ ፈሪው ራሱ ነው።

"ውሃ ያደረግኩበት እኔ ነኝ። ተናደህ ቶሎ ትመጣልኛለህ ብዬ። ለነፍስህ ስፈራ ጣትህን በላሁት" አሉ።

ጋሽ ሀይለማርያም በፋሻ የተጠቀለለ እጃቸውን አዩት። እኔ በሩ ሥር ቆሜ ነበር።

"እንዲህ ያህል የምትፈሪ ከሆነ" አሉ፣ "ለምን አትነግሪኝም ነበር?"

"ነገርኩህ እኮ" አሉ እትዬ አልጣሽ። "ሳቅክ።"

በፌብሯሪ ሦስቱ ጣቶች ተቆረጡ።