አገጭ ኩርባ ነው

ጺም መላጨት እችላለሁ። ሴት ልጅ ይህን ስትል ሰው ይስቃል፤ ይሳቅ። ያስተማሩኝ አባባ ናቸው፤ የተማርኩበትም ፊት የእሳቸው ነው።

አባባ የጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ። ቀኝ እጃቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር መሪውን ለሌላ ሰው አስረክበው ቤት ዋሉ። በሥራ ላይ ሳሉ፣ አሰብ መንገድ ላይ አድረው እንኳ፣ ጠዋት በመኪናው ስፖኪዮ እያዩ ሳይላጩ ሞተር አያስነሱም ነበር። እጃቸው እምቢ ሲላቸው ግን ጺማቸውን ተዉት። ጎፋ ወዳለው ፀጉር አስተካካይ እንውሰድዎት ስንላቸው፣ "ሰው ደግፎኝ እየተንቀጠቀጥኩ በሰፈሩ መሀል አላልፍም" አሉ። ሰውዬው ቤት ይምጣ ስንላቸው ደግሞ፣ "እሱ ከመቀሱ ምላሱ ይፈጥናል" አሉ።

አንድ ጠዋት ወተት የምታመጣልን ጎረቤታችን አባባን በር ላይ ተቀምጠው አየቻቸው። እሷ ቤተሰቦቿ ከጥንት ጀምሮ እዚሁ ላፍቶ ሲያርሱ የኖሩ ናቸው፤ የሰፈሩ ልቅሶ አያመልጣትም። የወተት ዕቃዋን መሬት አስቀመጠችና ነጠላዋን አዘቅዝቃ ገባች።

"እግዜር ያጥናችሁ። ምነው ሳትነግሩኝ? ማን ነው የሞተው?"

አልፈረድኩባትም። እኛ ዘንድ ወንድ ጺሙን የሚያሳድገው ሲያዝን ነው። እማዬ ሳቋን መያዝ አቃታት።

"የሞተስ የለም፤ ምላጭ የሚይዝ ነው የጠፋው" አለቻት።

አባባ አልሳቁም። ተነስተው ገቡና ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኙ።

በዚያው ሳምንት እሁድ ለእህቴ ሽማግሌ ሊላክ ነበር። አባባ ማታውን ቁርጡን ተናገሩ። "ሐዘንተኛ መስዬ ሽማግሌ አልቀበልም። ለከርሞ ይምጡ።" የከርሞው ነገር ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም ገብቶናል። የጠያቂው ልጅ እናት ሌላ ሴት አይታለታለች እየተባለ ይወራ ነበር። እህቴ እራቷን ሳትነካ ተነሳች።

በማግስቱ እህቴ ራሷ ልትላጫቸው ሞከረች። እጇ ከአባባ እጅ ብሶ ሲንቀጠቀጥ አባባ ምላጩን ተቀበሏት። የእማዬ ዓይን ደክሟል። የቀረሁት እኔ ነበርኩ። እኔ ደግሞ ስድስተኛ ክፍል ጨርሼ ትምህርት ያቆምኩ፣ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ የምገባ ልጅ ነኝ። አባባን አንቱ እያልኩ ነው ያደግሁት፤ ፊታቸውን ነክቼ አላውቅም።

ዓርብ ዕለት፣ ዝናቡ ሳይጀምር፣ አባባ ደጅ በርጩማ ላይ ተቀመጡ። እንዳዘዙኝ መጀመሪያ ጺማቸውን በመቀስ አሳጠርኩት። ከዚያ ፎጣ በሙቅ ውሃ ነክሬ ፊታቸው ላይ አቆየሁ፤ ጺም በደንብ ሳይርስ ከተላጨ ቆዳ ይዞ ይሄዳል። ሳሙናውን በኩባያ ውስጥ በብሩሽ መታሁት። አረፋው ብሩሹን ስገለብጠው የማይወድቅ ሲሆን ቀባኋቸው። እስከዚህ ድረስ ቀላል ነበር። ምላጩን ጉንጫቸው ላይ ሳሳርፍ ግን እጄ አፈረ። ፊታቸውን ላለመንካት በጣቴ ጫፍ ብቻ ያዝኳቸው፤ ምላጩ ዘለለና ቆረጣቸው።

"ፍሬን ይዘሽ ነው የምትነጂው" አሉ፣ ደሙን በፎጣው እየጠረጉ።

"ይቅርታ አባባ።"

"ይቅርታውን ተዪው። ቆዳው ካልተወጠረ መንገዱ ሁሉ ጉድጓድ ነው። በግራ እጅሽ አጥብቀሽ ያዢኝ።"

"ይዣለሁ።"

"ይሄ መያዝ ነው? እኔ ዝንብ ያረፈችብኝ መስሎኝ።"

አጥብቄ ያዝኳቸው። ጉንጫቸውን ወደ ጆሯቸው ሳብ አድርጌ ወጠርኩት፤ በቀኝ እጄ ግን አልተጫንኩም። ምላጩን ዘንበል አድርጌ በራሱ ክብደት ወደ ታች ለቀቅኩት። ያን ጊዜ ድምፁ ተለወጠ፤ ደረቅ ሣር ሲታጨድ እንደሚሰማው ሆነ። በሠራሁ ቁጥር እጄ የሚያደርገውን አወቀ። ሰው የሚቆርጠው የፈራ እጅ መሆኑን ከዚያን ቀን ወዲህ ማንም ሊያስረዳኝ አያስፈልገውም።

አንገታቸው ላይ ጺሙ አቅጣጫ ይቀይራል። በጣቴ እየዳበስኩ የሚተኛበትን ተከተልኩ። ወደ መንጋጋቸው ጫፍ ስመጣ አባባ ጉልበታቸውን መታ አደረጉ፤ ቁሚ ማለታቸው ነው።

"አገጭ ኩርባ ነው። ማርሽ ቀንሺ።"

ቀነስኩ። በትንሽ በትንሹ ዞርኩት። በመጨረሻ ከአፍንጫቸው ሥር ያለው ብቻ ሲቀር እጄ ቆመ።

"አፍንጫዬን ያዢና ቀና አድርጊው" አሉ።

"ኧረ አባባ።"

"ያዢ እንጂ። ሌላ መንገድ የለውም።"

እማዬ በር ላይ ቆማ ታየናለች። "ይሄን ሁሉ ዘመን እኔ ያልደፈርኩትን" አለች።

"እንግዲያው አንቺ ድፈሪው" አሉኝ አባባ።

ያዝኩት። የአባቴን አፍንጫ በሁለት ጣቴ ይዤ ከሥሩ ያለውን ጠራርጌ ላጨሁት። እማዬ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ውስጥ ገባች።

እሁድ ጠዋት ደግሜ ላጨኋቸው፤ ያን ቀን ጠብታ ደም አልወጣም። ከሰዓት በኋላ ሽማግሌዎቹ ሲመጡ አባባ ቀኝ እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ከተው በር ላይ ቆመው ተቀበሏቸው። በዕድሜ ከሁሉም የሚያንሱት ሽማግሌ ከላይ እስከ ታች አይዋቸው።

"እርስዎ ከሙሽራው አምረው የለም እንዴ። የት ተላጭተው ነው?"

"እዚሁ ቤት። ታናሺቱ ናት የላጨችኝ" አሉ አባባ፣ ወደ ጓዳው መጋረጃ እያመለከቱ።

"እንግዲያው ለእኔም ወረፋ ያዙልኝ።"

እየሳቁ ገቡ። እንደ ደንቡ ግን ጉዳያቸውን ሳይናገሩ አንቀመጥም አሉ። ቆመው ተናገሩ፤ የልጁን ቤተሰብ፣ ሥራውን፣ ጠባዩን ዘረዘሩ። እኔና እህቴ ከመጋረጃው ጀርባ ትንፋሻችንን ውጠን ሰማን። አባባ በግራ እጃቸው ጉንጫቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉ።

ለሽማግሌ በመጀመሪያው ቀን እሺ አይባልም።

"ዘመድ ላማክር" አሉ። "የዛሬ ሁለት ሳምንት እሁድ ተመለሱ። እዚሁ በር ላይ ቆሜ እጠብቃችኋለሁ።"

እህቴ እጄን ይዛ ጨመቀችኝ። እኔ ግን እስከዚያ እሁድ በየማለዳው ስለማሞቀው ውሃ እያሰብኩ ነበር።